በይሉኝታ የወደቀ ግድግዳ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ሲደፍን ለኖረ ሰው ግድግዳ የሚያስበሳ ዕቃ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለቤቴ ከድጃ ግን ሰዓቱን ወደደችውና ዛሬውኑ ስቀልልኝ አለች። የገዛ ቤቴን ግድግዳ በጣቴ እያንኳኳሁ፣ ጆሮዬን እየለጠፍኩ፣ ደህናውን ቦታ መርጬ ሚስማሩን መታሁላት። እሷ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "ለአንዲት ሚስማር ይህን ያህል ማዳመጥ ምንድን ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት የኖረች ሰው እንዲህ ካለች ሌላው ምን ሊል ነው ብዬ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

እንድሪስ እባላለሁ፤ ግንበኛ ነኝ። የተወለድኩት ሐይቅ ከተማ ዳር ሲሆን ሥራ የተማርኩት ግን አምባሰል፣ አያ ይመር ከሚባል ሰው እጅ ነው። አያ ይመር አዲስ ቤት መገንባት አይወድም ነበር። እሱ የሚወደው ያረጀ ግድግዳ ማዳን ነው። የድሮ ሰው ግንብ ሲሠራ ከውጭ አንድ ረድፍ፣ ከውስጥ አንድ ረድፍ ድንጋይ ይደረድርና መሃሉን በጭቃና በጠጠር ይሞላዋል። ከጊዜ ብዛት ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ መሃል ለመሃል ይገባል፤ ሙላቱን ቀስ እያለ አጥቦ ይወስደዋል። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው ደህና ነው፣ ሆዱ ግን ባዶ ነው። ይህን የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው።

አያ ይመር ሥራ ሲጀምር ቱንቢም ውሃ ልክም ከከረጢቱ አያወጣም። በመጀመሪያ በጣቱ አንጓ፣ ቀጥሎ በትንሽ የእንጨት መዶሻ ግድግዳውን ከእግሩ እስከ አናቱ ያንኳኳዋል። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ትንሽ ይከፍታል፤ አፍ ሲከፈት ጆሮ ይሻላል ይል ነበር። ድምፁ "ድም" ብሎ እዚያው ከቀረ ሙሉ ነው፤ "ኮ" ብሎ ከተመለሰ ባዶ ነው። እየሠራ አምባሰልን ያንጎራጉራል፣ ሲያዳምጥ ግን ትንፋሹም አይሰማም።

ሌላም ጠባይ ነበረው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ራሱ ሊገባበት የማይችል ክፍል ካለ የቤቱን ሰው መዶሻ አስይዞ ይልካል፤ የተላከውን ሰው ደግሞ እንደ ሌባ ይመረምረዋል። "መታኸው? የቱን? እስከ ጥጉ? ከሣጥኑ ኋላስ? ሣጥኑን ሳብከው ወይስ አልሳብከውም?" አንድ ጊዜ አንዲት የተከበሩ መበለት ቤት ገብተን፣ ሴትየዋ "ሁሉንም መትቼዋለሁ" ብለው ሲወጡ፣ "አልጋዎ ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም፤ ይግቡና ስበው ይምቱልኝ" አላቸው። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ራሴን ችዬ ስሠራ ሰው የማላሳፍር ጨዋ ግንበኛ እሆናለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቃሌንም ጠበቅኩ፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው።

አያ ይመር ከሞተ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ። ደመወዙ የሚወራለት ባይሆንም በወር በወሩ ይመጣ ነበር። የትምህርት ቤት አጥር ሠርቻለሁ፤ ወደ ግሸን በሚያወጣው መንገድ ላይ የተናደ ደጋፊ ግንብ መልሻለሁ፤ ሐይቁ ዳር የአንድ መጋዘን መሠረት ውሃ ሲበላው ስከላከል ከርሜ በመጨረሻ ሐይቁ አሸንፎኛል። አለቃ ብዙ አይቻለሁ። አንዱ ፊሽካ ይዞ ይመጣ ነበር። አንዱ ደግሞ የሚመጣው ፎቶ ለመነሣት ብቻ ነው፤ እሱ እንኳ ደግ ሰው ነበር። ከሁሉም በኋላ ወደ ቅርስ ጥገና ተዛወርኩና የጉባ ሚካኤል ነገር በእጄ ገባ።

ጉባ ሚካኤል ከከተማው በላይ ጉብታው ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማው ሳይቆረቆር እሱ ነበረ። ታሪኩን ካህናቱ በቃል ይተርኩታል፤ እኔ የማውቀው ከድንጋዩ ነው። ከታች ያለው ረድፍ ተጠርቦ የተገጣጠመ ትልልቅ ድንጋይ ነው፤ መሃሉ ቢላዋ አያስገባም። ያ በነገሥታቱ ዘመን፣ ገንዘብም ጊዜም ባለው ሰው የተሠራ ነው። ከሱ በላይ ያለው ድንጋይ ቀላ ብሎ ፊቱ ተሰነጣጥቋል። በድሮ ጦርነት ተቃጥሏል ይላሉ፣ ድንጋዩም ያንኑ ይላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ትንንሽ ድንጋይ በብዙ ጭቃ ተለጣጥፏል፤ መሃል መሃሉ ላይ የሸክላ ስባሪ ሳይቀር ተወትፎበታል። እዚያ ጋ ችኮላ ይታየኛል። ከጥፋት የተረፉ ድሆች ክረምት ሳይደርስባቸው የከደኑት ይመስለኛል፤ እነሱን ከሁሉም አብልጬ እወዳቸዋለሁ። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ የወጣበትን ጊዜ ደግሞ አባቴ ያስታውስ ነበር። ወራጁን እንጨት ተሸክመው ከወጡት ውስጥ የኛ ሰፈር ሙስሊሞች ነበሩበት። የኛ መስጊድ ሲሠራም ክርስቲያኖቹ ድንጋይ አግዘዋል፤ በኛ አገር ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

የቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ግድግዳ የመቅደሱ ግድግዳ ነው። መቅደስ ታቦቱ ያለበት ክፍል ነው፤ ከካህንና ከዲያቆን በቀር ክርስቲያን እንኳ አይገባበትም፤ ለእኔማ የሚታሰብ አይደለም። ትልቅ ጥገና ሲሆን ታቦቱ በፈቃድ ወደ መቃኞ፣ ማለት ለጊዜው ወደምትሠራ ትንሽ ጎጆ ይወጣል። ለየዓመቱ ምርመራ ግን ያ አይደረግም። ስለዚህ እኔና የደብሩ ገበዝ መምሬ ታደሰ የራሳችንን ዘዴ ፈጠርን። ክረምቱ ሲወጣ እሳቸው የእንጨት መዶሻዬን ይዘው ይገባሉ፤ እኔ ከውጭ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። በትንሿ መስኮት እንነጋገራለን።

"ከታች ይጀምሩ መምሬ።"

"ጀመርኩ። ይሰማሃል?"

"ይሰማኛል። ወደ ቀኝ ይሂዱልኝ።"

ድም፣ ድም፣ ድም። "ኮ" ባለበት ቦታ ከውጭ በኖራ ምልክት አደርጋለሁ፤ በኋላ አንዲት ድንጋይ ነቅዬ ቀጭን የኖራ ጭቃ እያጠጣሁ ሆዱን እሞላለታለሁ። ሲያልቅ "ሁሉም ተመታ?" እላለሁ፤ "ሁሉም ተመታ እንድሪስ" ይላሉ፤ "አላህ ይስጥልኝ" ብዬ እሄዳለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነበር። አንድ ድንጋይ መሃላችን አድርገን ተቃቅፈን የምንሠራ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር ነበር። መምሬ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመጡ መሃል ላይ ድምፁ ይቋረጥና ራቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። መሃሉ ላይ መንበሩ፣ ታቦቱ የሚያርፍበት፣ እንዳለ ሰው ነግሮኛል። ከመንበሩ ኋላ ያለው ግድግዳ እንዳልተመታ ጆሮዬ ያውቃል። እኔ ሙስሊሙ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብዬ "ከመንበራችሁ ኋላ በመዶሻ ደብድቡልኝ" እንዴት እላለሁ? እሳቸውም ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሁለታችንም ጨዋዎች ነበርን።

ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። የመሥሪያ ቤታችን ስም ተቀየረ፤ ታፔላው ተነቅሎ ሌላ ተሰቀለ፤ ቆይቶ እሱም ተነቀለ። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ መልካም ነገር አገኘን፤ ኢንጂነር ሰላማዊት የምትባል ልጅ አለቃችን ሆና መጣች። ቶሎ አትናገርም፣ ሰው ስትሰማ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል ታደርጋለች። ስለ ምሥራቁ ግድግዳ ስትጠይቀኝ "መምሬ ሁሉም ተመታ ብለውኛል" አልኳት። እሷም አመነችኝ።

ጦርነቱ ሰሜን ውስጥ ከተጀመረ በኋላ በመጣው ክረምት ዝናቡ አልፋታ አለ። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መምሬ መቅደሱን እያሰናዱ ሳለ ከመንበሩ ኋላ ያለው የግድግዳው የውስጥ ፊት ሆዱን ነፍቶ ተዘረገፈ። መንበሩን ድንጋይ አልነካውም፤ እሳቸውን ግን ትከሻቸውን ሰበራቸው። ወሬው ሲደርሰኝ የትኛው ቦታ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ ወጌሻ አስሯቸው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"ና እንድሪስ፣ አብሽር፣ አልሞትኩም" አሉኝ፤ እኔን የሚያጽናኑኝ እሳቸው ሆኑ።

"መምሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቀየሙኝ።"

"ጠይቅ።"

"ከመንበሩ ኋላ መትተውት ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አሉ። "እዚያ ላይ መዶሻ ማሳረፍ እጄን ከበደው። አንተም አትጠይቀኝም። እንድሪስ አዋቂ ነው፣ ቢያስፈልግ ይጠይቀኝ ነበር አልኩ።"

"እኔ መዝለልዎን እሰማ ነበር፤ ወላሂ በየዓመቱ እሰማ ነበር። የናንተ ክብር ያለበት ቦታ ነው፣ እንዴት ብዬ ልበል?"

መምሬ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። "እንግዲህ አንተ እኔን አከበርክ፣ እኔ አንተን አከበርኩ። ግድግዳውን ግን ከሁለታችን ማንም አላከበረውም" አሉና ሊስቁ ሲሉ ትከሻቸው ወጋቸው። "በሞቴ አታስቀኝ። ስማኝ፣ ከዛሬ ወዲያ በኔና ባንተ መሃል ይሉኝታ ሐራም ነው። ባንተው ቃል ነው የነገርኩህ፤ አልገባኝም እንዳትል።"

አያ ይመር ትዝ አለኝ። በዚያች መበለት ቤት ስሸማቀቅ የነበረው ልጅ ምን ያህል ሞኝ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

ክረምቱ እንዳበቃ ፈቃድ ተገኝቶ ታቦቱ ወደ መቃኞ ወጣ። የቆሰለውን ግድግዳ ከአናቱ እያራገፍን፣ ድንጋዩን በከሰል ምልክት እየለየን ወረድን። ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ደገፍነው። ያን ጊዜ ነው ጦርነቱ ወደኛ የመጣው። መጀመሪያ ወሬው፣ ቀጥሎ ተፈናቃዩ፣ ቀጥሎ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ደረሰ። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ወጡ። መምሬ መውጣቱን ነገሩኝ እንጂ ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ይህኛውን አለመጠየቅ ይሉኝታ አልነበረም።

ያ ሁሉ ዘመን ያለፈበት ቤት በጥቂት ምሰሶ ላይ ቆሟል። ቤት ገብቼ እህል አልበላ አለኝ። ከድጃ ዕቃ እያሰረች፣ "ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"ምሰሶዎቹ። የሚመጣው ሰው ማንም ይሁን ማን ብርድ ይመታዋል፤ ማገዶ ይፈልጋል። ምሰሶው ከወጣ ጣሪያው ይወርዳል፤ ጣሪያው ከወረደ የተረፈውን ግድግዳ ይዞት ይሄዳል።"

"እንጨት ከሆነማ እኛም ብንሆን እናነደዋለን" አለች፤ ቋጠሮዋን እያጠበቀች። "ድንጋይ አድርገዋ። ድንጋይ የሚያነድ የለም።"

ወላሂ ተነሥቼ ግንባሯን ሳምኳት። የአምባሰል ገበሬ በየገደሉ ካብ እየካበ የኖረ ሰው ነው፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስቀምጦ ተራራ ያቆማል። እኔ የመንግሥት ግንበኛ ከሆንኩ ወዲህ ካብ መኖሩን ረስቼው ነበር። ወዲያው ገበሬ ዘመዶቼ ጋ መልእክት ላክሁ። ሊሸሽ የተነሣው ሰው ሸክሙን ደጅ አስቀምጦ ወጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሴቱም ወንዱም ከጉብታው ሥር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰልፎ ድንጋይ ተቀባበለ። ኢንጂነር ሰላማዊት ወደ ደሴ ውጪ ተብላ ነበር። መኪናው እስኪመጣ ብላ ጣሪያው ላይ ወጣች፤ ክብደቱ የት የት እንደሚያርፍ አስልታ መሬቱ ላይ በኖራ ምልክት አደረገችልን። ገበሬዎቹ በምልክቷ ላይ ካቡን አነሡት። መምሬ ባልታሰረው እጃቸው ጠጠር እያቀበሉ፣ "ይኼ ይነቃነቃል፣ ይኼን መልሱት" እያሉ ሰው ሲያስቸግሩ ዋሉ። ካቡ የጣሪያውን ወራጅ ሲነካ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ነቅለን አወጣን። ጣሪያው ትንሽ አቃሰተና ዝም አለ።

እኔና ከድጃ ወደ ገጠር ዘመድ ጋ ሄድን። ልጃችን ያለችው ጅዳ ነው፤ ስልክ ተቋርጦ በሕይወት መኖራችንን አታውቅም። ከድጃ ስለ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እኔም አለቅሳለሁ፣ ግን መድፍ በጮኸ ቁጥር ካቡም ይመጣብኛል። እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኝ ነበር።

ጦርነቱ ከአካባቢያችን ሲርቅ ተመለስን፤ በቅድሚያ ቤቴ እንኳ አልገባሁም። ጉብታውን ስወጣ የአጥሩ እንጨት የለም። የደጁ መዝጊያ የለም። ነቅለን የከመርናቸው ምሰሶዎች፣ መወጣጫችን፣ መቃኞዋ ሳትቀር አመድ ሆነዋል። ማን እንዳነደደው አልጠየቅንም። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ቆሟል። ጣሪያው አንድ ጥጉ ላይ ሰርጎድ ብሏል እንጂ ካቡ እንደተካበ አለ። መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ሥራው ሲቀጥል መምሬ በባዶው መቅደስ በር ላይ ቆሙና፣ "ግባ፤ ታቦቱ የለም፣ ሥራ ነው" አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ይህን ሁሉ ዓመት በጆሮዬ ብቻ የማውቀውን ግድግዳ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ጆሮዬ ብዙውን አልሳተም ነበር። በከሰል የለየነውን ድንጋይ በየቦታው መለስን፤ ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቁ ረጃጅም ድንጋዮች እያስገባን ሁለቱን ፊት አያያዝን፤ መሃሉን በኖራና በጠጠር ጠቀጠቅነው። ጣሪያውን ያቆየልን ካብም ሲፈርስ ድንጋዩ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ገባ። ከኔ በኋላ የሚመጣ ግንበኛ ያንን ረድፍ ሲያይ ችኮላችንን ያውቅብናል።

በመጨረሻ መምሬን ከውስጥ አስመታኋቸው። "ከመንበሩ ቦታ ኋላስ? እስከ ታች? እንደገና ይምቱት፣ አልሰማሁም" ስላቸው፣ "ቀልቤን አወጣኸው እኮ" አሉኝ። ታቦቱ ሲመለስ አገሩ በእልልታ ሲናወጥ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ሆኜ አየሁ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጡረታዬ ደረሰ። ኢንጂነር ሰላማዊት አልቅሳ ሸኘችኝ፤ ሰዓቱን የመረጠችው እሷ እንደሆነች ከሰማሁ ወዲህ በክፉ አላነሣውም።

አሁን ከድጃ ጋር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ እንቅልፌ ግን ጥሩ ነው። የዘንድሮው ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ደጅ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መምሬ ነበሩ። ሌላ ጊዜ የእኔን፣ የከድጃን፣ የልጅቷን፣ የከብቱን ደህንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ የማይገቡ ሰው ሰላምታውን ዘለሉት።

"እንድሪስ፣ ከመንበሩ ኋላ፣ በስተቀኝ ጥግ ላብ አየሁበት። መታሁት፤ ኮ ይላል።"

"ብዙ ነው?"

"መዳፍ ያህላል። ጣሪያው ነው እንጂ ግድግዳው አይመስለኝም፤ ግን አንተ ስማው። ዛሬ ና፣ ነገ አትበል።"

"እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ መምሬ።"

"ግድግዳው አልወጣም" አሉና ዘጉት።

መዶሻዬን ልፈልግ ስገባ ከድጃ፣ "ማን ነው? ምን ተፈጠረ?" አለችኝ።

"ጉባ ሚካኤል ነው። ከመንበሩ ኋላ ባዶ ሆኗል፤ መምሬ ራሳቸው ነገሩኝ" አልኳት።

ፊቴን አየችኝና፣ "ታዲያ ምን ያስቅሃል?" አለች።